«ቲፕ ላይ ግብር የለም» የተባለው መፈክር ኪሳችን ሲደርስ ስንት ሆነ?

ጥያቄ፦ አስተናጋጅ፣ ከላስ ቬጋስ

ለውይይቱ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በላስ ቬጋስ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ ዜግነት ካገኘሁ ወዲህም ድምፅ ሳልሰጥ ያለፈኝ ምርጫ የለም። ይህን ጥያቄ የማነሣው አንዱን ፓርቲ ለማንገሥ ሌላውን ለማዋረድ አይደለም። በምርጫ ሰሞን የሚነገረን መፈክር በቤታችን ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ በምን ሚዛን መመዘን እንዳለብን ግራ ስለገባኝ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2024 ዶናልድ ትራምፕ እዚሁ ከተማችን ባደረጉት የቅስቀሳ ስብሰባ ከተመረጡ በቲፕ (ደንበኛ ለአገልጋይ በሚሰጠው ጉርሻ) ላይ ግብር እንዳይከፈል እንደሚያደርጉ ቃል ገቡ። በኦገስት ወር ደግሞ ተፎካካሪያቸው ካማላ ሃሪስ እዚሁ መጥተው ተመሳሳይ ቃል ሰጡ። በዚያ ሰሞን በምግብ ቤታችን ጓዳ፣ ታክሲዎች በሚሰለፉበት ተራ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይቀር ወሬው ይኸው ብቻ ነበር። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ከተናገሩ ማንም ቢያሸንፍ እኛ አንጎዳም ብዬ ነበር፤ ብዙ የሥራ ባልደረቦቼም እንደዚሁ አስበው ነበር። ግዛታችን ኔቫዳ ከ2004 ምርጫ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሪፐብሊካን እጩ መረጠች፤ የቲፑን ጉዳይ የያዘው ሕግም ጁላይ 4 ቀን 2025 ተፈረመ።

ዘንድሮ የ2025ን ግብር ሳስገባ በእርግጥ ልዩነት አይቻለሁ። ትዳር አልያዝኩም፤ ደመወዜ 26,000 ዶላር፣ ያስመዘገብኩት ቲፕ 18,000 ዶላር ነበር፤ ለፌዴራል መንግሥት የምከፍለው የገቢ ግብር ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ቀንሶልኛል። የአጎቴ ልጅ ግን በሌላ አነስተኛ ምግብ ቤት 24,000 ዶላር ደመወዝና 7,000 ዶላር ቲፕ አግኝቶ፣ ሚስቱ ሦስት ልጆች ይዛ ቤት እያለች፣ በዚህ ሕግ ምክንያት አንዲት ዶላር አልተጨመረለትም። ከእኔ ይልቅ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ካገላበጠ በኋላ «ታዲያ የተነገረው ለማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁለት። እኔም ብሆን የቤት ኪራይ ውሌ ሲታደስ በወር 120 ዶላር ስለተጨመረብኝ፣ ከተገኘው ውስጥ አብዛኛው ወደ ኪራይ ሄዷል።

ስለዚህ በግብር ሥራ ላይ ያላችሁም ሆናችሁ በተመሳሳይ ሥራ የምትተዳደሩ፣ የአጎቴ ልጅ ለምን እንደቀረ እንድታስረዱኝና መፈክርን ከእውነተኛ መሻሻል የምትለዩበትን መንገድ እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ የግብር ሠራተኛ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ቁጥር አስይዘው ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ክርክር ያለ ቁጥር ስለሚካሄድ ነው መቋጫ የሚያጣው። እኔ በየዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል የብዙ ወገኖቻችንን ግብር እሠራለሁ፤ ዘንድሮ ከጠረጴዛዬ ፊት ከተቀመጠው ሰው ግማሽ የሚሆነው «ቲፕ ላይ ግብር ቀርቷል አይደል?» በማለት ነው ወሬ የጀመረው። አልቀረም። የተፈጸመው ሌላ ነገር ነው፤ ልዩነቱም ያለው በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ሕጉ የሚለው፣ በፈቃደኝነት የተሰጠና በወጉ የተመዘገበ ቲፕ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ድረስ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል ነው። የሚሠራው ከ2025 እስከ 2028 ላሉት አራት የግብር ዓመታት ብቻ ነው። የሚነካውም የፌዴራል የገቢ ግብርን ብቻ ሲሆን፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7.65 በመቶ በቲፕ ላይም እንደ በፊቱ ይቆረጣል። በግዛት ደረጃ የሚከፈለውን ግብርም ይህ ሕግ በራሱ አያስቀረውም፤ እርስዎ ያሉበት ኔቫዳ የገቢ ግብር ስለሌላት ይህ አይመለከትዎትም።

የእርስዎን እንሥራው። ጠቅላላ ገቢዎ 44,000 ዶላር ነው። ለነጠላ ግብር ከፋይ በ2025 የተፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ 15,750 ዶላር ሲወጣለት 28,250 ይቀራል፤ ግብሩም 3,151 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆን ነበር። አሁን ቲፕዎ 18,000 ዶላር ስለተቀነሰ ግብር የሚከፈልበት ገቢዎ 10,250፣ ግብርዎም 1,025 ዶላር ሆኗል። የቀረልዎት 2,126 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ማንም ሰው እንዲያንቋሽሽብዎ አይፍቀዱ። ሆኖም ከዚያው ከ18,000 ዶላር ቲፕ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 1,377 ዶላር ከፍለዋል። ይህን መዋጮ የማነሣው እንደ በደል አይደለም፤ ጡረታ ሲወጡ የሚታሰብልዎት በእሱ ነው። ነገር ግን «ግብር የለም» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው የክፍያ ወረቀቱን ሲያይ መደንገጡ አይቀርም።

የአጎትዎ ልጅ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። ጠቅላላ ገቢው 31,000 ዶላር ነው፤ ከሚስቱ ጋር አብረው ለሚያስገቡ ባለትዳሮች የተፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ 31,500 ዶላር ነው። ስለዚህ የቲፕ ተቀናሹ ባይኖርም እንኳ የሚከፍለው የፌዴራል ገቢ ግብር አልነበረውም። ከባዶ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። እሱ ብቻም አይደለም፤ የየል ዩኒቨርሲቲ የበጀት ጥናት ቡድን እንዳሰላው በ2022 ቲፕ ከሚያገኙ ሠራተኞች ውስጥ 37 በመቶ የሚሆኑት ገቢያቸው ዝቅተኛ ስለነበር የፌዴራል ገቢ ግብር አይከፍሉም ነበር። መፈክሩ በስማቸው ተነገረ፤ ጥቅሙ ግን በእነሱ አጠገብ አለፈ።

በተቃራኒው የአጎትዎን ልጅ ቤት በእርግጥ የሚደግፈው በማንም አደባባይ ያልተጮኸለት ሕግ ነው። ሰዎቻችን «ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት» የሚሉት፣ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚሰጠው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አለ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ላሉት ቤተሰብ በ2025 እስከ 8,046 ዶላር ይደርሳል። ግብር ባይኖርበትም በእጁ ይሰጠዋል። እባክዎን መጠየቁን ያረጋግጡለት፤ አንዳንድ ሰው ባለማወቅ ሳይጠይቅ ሲያልፈው አይቻለሁና ያንገበግበኛል።

ሌሎቹም መፈክሮች እንደዚሁ ተጣርተው ነው ሕግ የሆኑት። «የትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ ግብር የለም» ተብሎ ነበር። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ሠራተኛ በሳምንት አሥር ትርፍ ሰዓት ቢሠራ በሰዓት 30 ዶላር ሂሳብ 300 ዶላር ያገኛል፤ ሕጉ እንዲቀነስ የፈቀደው ግን ከመደበኛው በላይ ያለችውን ጭማሪ ብቻ ስለሆነ፣ ከ300ው ውስጥ የምትቀነሰው 100 ዶላር ናት። በ12 በመቶ እርከን ላይ ላለ ሰው የሳምንቱ ጥቅም 12 ዶላር ይሆናል። «ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ ግብር የለም» የተባለው ደግሞ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች የተሰጠ የ6,000 ዶላር ተቀናሽ ሆኖ ነው የወጣው፤ በ62 ዓመቱ ጡረታ የጀመረ ሰው እስከ 65 ድረስ አያገኘውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ ሕግ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ አገር በሚላክ ሐዋላ ላይ የ1 በመቶ ግብር ተጥሏል። በተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው የመጀመሪያው ሐሳብ 5 በመቶ ነበር፤ ዜጋ ያልሆኑትን ብቻም ይመለከት ነበር። በመጨረሻ ወደ 1 በመቶ ሲወርድ ላኪው ዜጋ ይሁን አይሁን ልዩነት አይደረግም ተባለ። የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ በተዘጋጀ ቼክ ለሚላክ ገንዘብ ነው፤ ከባንክ ሂሳብ ወይም በአሜሪካ ባንክ ዴቢት ካርድ ለሚልክ ሰው አይመለከትም። በየወሩ 300 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው በዓመት 36 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ይህ አንቀጽ ከቲፑ ጋር በአንድ ሕግ ውስጥ መጽደቁን ያወቀ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

መልስ 2፦ የሆቴል ክፍል ጽዳት ሠራተኛ፣ ከላስ ቬጋስ

የግብር ሠራተኛው ወንድማችን በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በዚህች ከተማ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ኑሮዬን በርግጥ ያሻሻለልኝን ነገር ስቆጥር አንዱም ከምርጫ መድረክ የመጣ አይደለም።

እኔ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞችን የሚያቅፈው የኩሊናሪ ሠራተኞች ማኅበር አባል ነኝ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ማኅበራችን የሥራ ማቆም አድማ ለመምታት ቀን ከቆረጠ በኋላ ከሦስቱ ትልልቅ የሆቴል ኩባንያዎች ጋር የአምስት ዓመት ስምምነት ተፈራረመ። ደመወዝና ጥቅማጥቅም በአምስት ዓመት ውስጥ 32 በመቶ እንዲያድግ፣ ከዚያም 10 በመቶው በመጀመሪያው ዓመት እንዲጨመር ተስማሙ። ለእኔ ግን ከገንዘቡ እኩል የሚቆጠረው ክፍሎች በየቀኑ እንዲጸዱ የሚለው አንቀጽ ነው። በኮቪድ ጊዜ እንግዳው ካልጠየቀ ክፍሉ አይጸዳም የሚል አሠራር መጥቶ ነበር፤ ለማያውቅ ሰው ሥራ የሚያቀል ይመስላል። እውነቱ ግን አራት ቀን ሳይጸዳ የቆየን ክፍል ማጽዳት ጀርባን ይሰብራል፤ የሚጸዳው ክፍል ሲያንስ ደግሞ የምንጠራባቸው ቀናት ያንሳሉ። ያ አንቀጽ ወገቤንም የሥራ ቀኔንም መልሶልኛል።

እኛ ክፍል አጽጂዎች ቲፕ እናገኛለን፤ ነገር ግን አንዳንድ ቀን ትራስ ሥር አምስት ዶላር፣ አንዳንድ ቀን ምንም ነው። በቲፕ ላይ የተቀነሰው ግብር ለእኔ በዓመት የሰጠኝ፣ የደመወዝ ጭማሪው በአንድ ወር ውስጥ ከሰጠኝ ያንሳል። ስለዚህ አስተናጋጁ ወንድሜ የጠየቁትን ሚዛን በተመለከተ የምለው ይህን ነው፦ መሻሻል የተባለው ነገር አሠሪው ወይም መንግሥት ቢያጥፈው ወዴት ሄጄ ነው የምከሰው? የእኔ ስምምነት በጽሑፍ ስላለ፣ ሥራ መሪው ሲጥሰው የምጠራው ተወካይ አለኝ። መፈክር ግን ተጠሪ የለውም።

መልስ 3፦ የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከዋሺንግተን ዲሲ

እኔ ባለቤት በመሆኔ ብቻ ከወዲያኛው ወገን ነኝ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ዘጠኝ ዓመት ሳህን ተሸክሜ ነው እዚህ የደረስኩት። ክብርት እህታችን በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ይጸናል ያሉት በብዙው እውነት ነው፤ የእኛ ከተማ ታሪክ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ እንዳልሆነ ያሳያል።

በዲሲ ለቲፕ ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው መነሻ ደመወዝ ከሌላው ሠራተኛ ያነሰ ነው። በፌዴራል ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ የዲሲው ከዚያ ይሻላል። «አንድ ፍትሐዊ ደመወዝ» የሚል ቅስቀሳ ተደርጎ በ2018 ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ሰጠና ልዩነቱ ቀስ በቀስ እንዲጠፋ ወሰነ። የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ውሳኔውን ሻረው። በኖቬምበር 2022 ጥያቄው እንደገና ቀርቦ ከአራት መራጮች ሦስቱ ገደማ ደገፉት። ከ5 ዶላር ከ35 ሳንቲም የተነሣው ደመወዝ በጁላይ 2024 ወደ 10 ዶላር ደረሰ፤ በ2025 ግን ምክር ቤቱ ጭማሪውን አዘገየው፣ ጣሪያም አበጀለት። መራጩ ሁለት ጊዜ ድምፁን ሰጥቶ፣ ያገኘው ግማሽ መንገድ ነው።

ይህን ያነሣሁት ምክር ቤቱን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። የእኔ ምግብ ቤት አሥራ ሁለት ወንበር ያለው ትንሽ ቤት ነው፤ ደመወዝ ሲጨምር፣ ጤፍም ሥጋም ኪራይም አብሮ ሲጨምር፣ ብዙዎቻችን ያደረግነው በሂሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ መጨመር ነው። አሁን ግን የግብር ሠራተኛው ከጻፉት ጋር ስናገናኘው ችግሩ ይታያል። ሕጉ የሚቀንሰው እንግዳው በፈቃዱ የሰጠውን ቲፕ ነው፤ በሂሳቡ ላይ አስቀድሞ የተጨመረ የአገልግሎት ክፍያ ለሠራተኛው ቢከፋፈልም ደመወዝ እንጂ ቲፕ አይባልም፤ ስለዚህ አይቀነስም። አስተናጋጆቼ ይህን ሲሰሙ እኔ የቀማኋቸው መስሏቸው ነበር፤ የመንግሥትን ደንብ ከፍተን አብረን እስክናነበው ድረስ ለሁለት ሳምንት በመካከላችን ቅሬታ ነበር። በከተማው የተነገረው መፈክርና በአገር ደረጃ የተነገረው መፈክር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ተጣሉ፤ መሐል ላይ የቆመችው አስተናጋጇ ናት።

በዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሠራተኞች የምትቀጠሩበት ቤት በአገልግሎት ክፍያ የሚሠራ ከሆነ ወይም በቲፕ፣ ከመቀጠራችሁ በፊት ጠይቁ። ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ይህ ጥያቄ ለውጥ አልነበረውም፤ ዛሬ ግን በዓመት ከሺህ ዶላር በላይ ሊለያያችሁ ይችላል።

መልስ 4፦ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁም ስለ ተጨመረው ተነጋገራችሁ፤ ስለሚጠየቀው ጥቂት ልበል። በዚያው በጁላይ 2025 ሕግ መሠረት፣ ግዛቶች በኋላ ባስፋፉት ሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን) ውስጥ ያሉ ከ19 እስከ 64 ዓመት የሆኑ ሰዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መማራቸውን ማሳየት ይጠበቅባቸዋል፤ በጥቅሉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ እንዲተገበር ነው የተወሰነው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን ወላጆችና ሕመምተኞችን የመሰሉ የማይመለከታቸው አሉ።

የእኛ ሰው በአብዛኛው ከ80 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ የሚያሠጋኝ ሥራው አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። ታናሽ ወንድሜ መኪና እየነዳ ነው የሚተዳደረው። ሰዓቱን የሚፈርምለት አለቃ የለውም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣለትም እኔ ከሥራ እስክመለስ ድረስ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ደብዳቤው ቀነ ገደብ ቢኖረውስ? በቲፕ የቀረለት ግብር እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ወር የጤና ሽፋን ካጣ የስኳር መድኃኒቱ ብቻ ያን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ አንድ ቃል ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም ብለን ስንጠይቅ፣ ከጎኑ የመጣውን አብረን ካላየን ሂሳቡ ጎደሎ ነው እላለሁ። ግብር የሚያሠራ ሰው በዚያው ወንበር ላይ እያለ የሜዲኬዱን ነገር ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ አስተናጋጅ፣ ከላስ ቬጋስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አትሜ ቅዳሜ ማታ ከአጎቴ ልጅና ከሚስቱ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። የኧርንድ ኢንካም ክሬዲቱን ለካስ ጠይቋል፤ ነገር ግን የሚመለስለት ገንዘብ ከዚያ የሚመጣ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ የቲፑ ሕግ የሰጠው ይመስለው ስለነበር ነው ከአምናው ጋር ሲያስተያየው እኩል ሆኖበት የተናደደው። ንዴቱ በከፊል በርዷል፤ በከፊል ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ስሙን ጠርተው ድምፁን የጠየቁት ሰዎች 31,000 ዶላር የሚያገኝ የሦስት ልጆች አባት ከሕጉ ምንም እንደማይደርሰው ሕጉን ሲጽፉ ማወቅ ነበረባቸው፤ ሁለቱም ወገኖች።

እኔ ደግሞ ያልተመቸኝን ልናገር። ከእኔ ጋር አንድ ቤት የሚጋራው ልጅ በመጋዘን ይሠራል፤ ገቢው እንደ እኔው 44,000 ዶላር ነው፤ ቲፕ የለውም። እሱ 3,151 ዶላር ሲከፍል እኔ 1,025 ከፈልኩ። ሁለታችንም እኩል ደክመን ነው ማታ የምንገናኘው። ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ እኔም የምለው አልነበረኝም። በቅስቀሳው ሰሞን ደስ ሲለኝ እሱን አላሰብኩትም ነበር።

የቲፑ ተቀናሽ በ2028 መጨረሻ ያበቃል፤ ያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ ዓመት ስለሆነ እንደገና ወደ ከተማችን መምጣታቸው የማይቀር ነው። እህቴ የክፍል ጽዳት ሠራተኛዋ የጻፉትን ተከትዬ፣ ከምግብ ቤታችን ሠራተኞች ጋር ስለ ማኅበር መነጋገር ጀምረናል፤ እስካሁን ስድስት ሰዎች ነን። ለሚመጣው እጩ የምናቀርበውንም ጥያቄ በጽሑፍ እያዘጋጀን ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ የአጎቴን ልጅ የክፍያ ወረቀት ይዘን የምናነሣው ነው። እሱም ባለፈው ሳምንት ለእናቱ የላከውን ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንክ ሂሳቡ ልኮ፣ ሦስቷን ዶላር አስቀርቷል።